የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «የነባሩን ማንሻ»

ጥያቄ

ውድ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን እናቴ አዲስ አበባ ሆና እያነበበች በስልክ ታወራልኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ እኔው ጠያቂ ሆኜ መጣሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአንድ አገር ልጆች የሆንን 42 ሰዎች ማኅበር አለን። በየወሩ 20 ዶላር እናዋጣለን፤ ስንገናኝ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሐዘን የደረሰበት ይጽናናል። ገንዘብ ያዥዋ እኔ ነኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሐዘንተኛና ለታመመ ካወጣነው ተርፎ 18,600 ዶላር ባንክ አለን።

ይህን ገንዘብ ምን ላይ እናውለው በሚለው ለሁለት ተከፍለናል። እኩሌቶቻችን ያደግንበት ደብር ይታደስ እንላለን። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አያቶቻችን የተዳሩበት፣ እኛም ክርስትና የተነሣንበት። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ጣራው ያፈሳል። ሌሎቹ ደግሞ እዚያው ቀበሌ ባለው ትምህርት ቤት ልጆች ባዶ ሆዳቸውን እየመጡ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ፣ ገንዘቡ ለእነሱ ምሳ ይሁን ይላሉ። ባለፈው ስብሰባ አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው «ድንጋይ አይበላም፤ የተራበ ልጅ እያለ ለግድግዳ ገንዘብ መላክ ኃጢአት ነው» አሉ። አንዲት እኅታችን እያለቀሰች «ልጁስ ጠግቦ ሲያድግ የማን ነኝ ይበል?» ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም።

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው የላከልንን የወጪ ግምት ከዚህ ጋር ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። ሳይደብቁ ይንገሩኝ፦ ለበጎ አድራጎት የተዋጣ ገንዘብ ለታሪካዊ ሕንፃ እድሳት ቢውል ልክ ነው ወይ?

ገንዘብ ያዥዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግምቱን ግን አራት ጊዜ።

መጀመሪያ ስለ ኃጢአቱ። እኒያ ትልቅ ሰው የተናገሩት ከእምነታችን ውጭ የሆነ ነገር አይደለም፤ ማንም ደፍሮ ዝም ሊያሰኛቸው አይገባም። ዮሐንስ አፈወርቅ እንኳ ቤተ መቅደሱን በሐር እያስጌጡ ደጃፉ ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ድሃ ማለፍ ምን ዋጋ አለው እያለ ሕዝቡን ገሥጿል። በዚህ ዓመት በቀበሌያችሁ እህል ጠፍቶ ከሆነ፣ ሰው ለስደት እየተነሣ ከሆነ፣ ክርክሩን ዛሬውኑ ዝጉትና ገንዘቡ ሁሉ ለእህል ይሂድ። ካህናቱም ቢሆኑ እንዲሁ ይሏችኋል። ያልሽው ግን ሌላ ነው። ያልሽው የቆየ ድህነት ነው፤ አምናም ነበረ፣ ከርሞም ይኖራል። ለእንዲህ ያለው ችግር መልሱ ሌላ ስለሆነ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ግምቱ። ሲሚንቶ 900 ኩንታል። የአርማታ ብረት። ብሎኬት። ሴራሚክ። የአልሙኒየም መስኮት። ቁልቁል ስወርድ አሥራ አራተኛው ተራ ላይ ደረስኩና ዓይኔ እዚያው ቀረ፦ «የነባሩን ማንሻና ቦታ ማስተካከያ»።

ልጄ፣ ይህ እድሳት አይደለም። «የነባሩን ማንሻ» ማለት አያቶችሽ የተዳሩበትን ቤት ማፍረሻ ማለት ነው። እናንተ እዚያ ጣራው እንዲጠገን ስትከራከሩ፣ እዚህ ያለው ኮሚቴ ጣራውንም፣ ግድግዳውንም፣ ሥዕሉንም አንሥቶ በቦታው አዲስ ሊያቆም አስቧል። ሰዎቹን ክፉ አልላቸውም። ምእመኑ በዝቷል፣ በበዓል ቀን ሕዝቡ ዝናብ ላይ ይቆማል፣ የጎረቤቱ ደብር ባለ ጉልላት ትልቅ ሕንፃ ሠርቷል። ከውጭ ገንዘብ ይመጣል ሲባል ደግሞ ሰው የሚያስበው ስለ ትልቅ ነገር ነው፤ ለስንጥቅ መድፈኛ ብሎ ዶላር የሚጠይቅ የለም።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አባቴ ጎንደር ውስጥ ግንበኛ ነበር፤ እኔም መሐንዲስ ሆኜ ዕድሜዬን በአሮጌ ሕንፃ ጥገና ላይ አሳለፍኩ። እናቴ የተወለደችበት ገጠር አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሥዕሉ እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሥዕሎች ሸማ ላይ ተሥሎ በጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ ቅድስቱ ስትገቢ፣ መጀመሪያ ከመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ያሉት ሊቃነ መላእክት ሰይፋቸውን መዝዘው ይቀበሉሻል፤ ቀጥሎ ነጭ ፈረስ ላይ ያለው ጊዮርጊስ። ልጅ ሆኜ የምፈራው የፈረሱን ዓይን ነበር። አንድ ጊዜ «ቤተ ክርስቲያናችንን እናድስ» የሚል የመዋጮ ወረቀት ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። ደስ ብሎኝ 500 ብር ሰጠሁ፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእናቴ ሙት ዓመት ስሄድ በቦታው ያገኘሁት የሲሚንቶ ሕንፃ ነው፤ ወለሉ የሚያንሸራትት ሴራሚክ፣ ሥዕሉ ከከተማ ተገዝቶ የተለጠፈ የታተመ ወረቀት። አሮጌው ሥዕል የት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። ዕቃ ቤት ወሰዱኝ። ሸማው ከግድግዳው ተገፎ፣ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል። ስፈታው ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተላጠ እጄ ላይ ቀረ። የፈረሱን ዓይን ፈለግሁት፤ አይጥ በልቶታል። ያንን ሥራ እኔም ከፍዬበታለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኛ ደረሰ።

ስለዚህ ጥያቄሽን ትንሽ ላዙረው። ለታሪካዊ ሕንፃ መስጠት ልክ ነው ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ ልክ ነው፤ የሚሰጠው ያለውን ለማቆየት ከሆነ። ያለውን ለመተካት ከሆነ ግን እኒያ ትልቅ ሰው ከተናገሩት በላይ እኔ እከራከራለሁ፤ ምክንያቱም የልጆቹ ምሳም ይቀራል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ይጠፋል።

ማቆየት ደግሞ እናንተ እንደምታስቡት ውድ አይደለም። የእንዲህ ያለ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው። ከላይ በጣራው ይገባል፣ ከታች ከመሬት ወደ መሠረቱ ይስባል፤ ጭቃው ይርሳል፣ ጭድና እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሸማው ከግድግዳው ይላቀቃል። ጣራውን ብትዘጊው፣ ክዳኑ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲወጣ ብታደርጊው፣ ዙሪያውን ውሃ የሚያወጣ ቦይ ብትቆፍሪለት፣ ለዘመናት የቆመው ግድግዳ ገና ብዙ ዘመን ይቆምልሻል። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሥዕሉ የሚታሰበው፤ እሱንም የሚነካው በሙያው የሠለጠነ ሰው እንጂ ቀለም ቀቢ አይደለም።

ስለ ሲሚንቶም ጥቂት ልበል፤ ይህን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰው ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ጥሩ ነው ይላል። ለአሮጌ ግንብ ጥንካሬው ነው ጠንቁ። የጥንቱ ግንብ የተያያዘው በኖራ ወይም በጭቃ ነው፤ እነዚህ ለስላሳ ናቸው፣ ይተነፍሳሉ፤ ክረምት የገባውን እርጥበት በበጋ ያስወጣሉ። ሲሚንቶ ስትለስኚበት ውሃው መውጫ ያጣና በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ድንጋዩ ራሱ መላጥ ይጀምራል። በጎንደሩ ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ጊዜ እንዲህ ያለ የሲሚንቶና የአርማታ ጥገና ተደርጎ ነበር፤ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን እየፈለፈሉ አውጥተው በኖራ መተካት ነበረባቸው። አባቴ ኖራ የሚያቃጥሉ ሰዎችን ያውቅ ነበር። የተቃጠለው ድንጋይ ውሃ ሲነካው እየፈላ ይፈርሳል፣ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ ሲመች ለወራት ይቀመጣል። «ኖራ ለቸኮለ ሰው አይሆንም» ይለኝ ነበር።

በበጎ ፈቃድ የተሰጠ ገንዘብ ምን እንደሚያበላሽና ምን እንደሚያድን በደንብ የሚታየው ላሊበላ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገ ጥገና ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ውሃ እንዳያስገቡ ተብሎ እንደ ሬንጅ ባለ ነገር ተቀቡ፣ ላዩም በቀይ ቀለም ተሸፈነ። ያሰቡት ደግ ነበር። ቅቡ ግን ከዓለቱ መልክ ጋር የማይሄድ፣ እርጥበቱንም የሚያፍን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ዮርክ ውስጥ በግለሰቦች ልገሳ የሚሠራ አንድ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው ነው። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ላሊበላ ነበር። ከ1966 እስከ 1972 ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆኖ ያንን ቅብ አስነሣ፣ ስንጥቁን ደፈነ፣ የውሃውን መውረጃ አስተካከለ። እንግዲህ ተመልከቺ፤ እኒያ ለጋሾች ከከፈሉበት ሥራ ትልቁ ክፍል ቀድሞ የተጨመረውን ማንሣት ነው። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለቱ የራሱን መልክ ይዞ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የሚከልሉ አራት መጠለያዎች ቆሙ። ዝናቡን አስቀርተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሲተከሉ ለጊዜው ተብለው ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የላሊበላ ሰው ነፋስ በተነሣ ቁጥር እነዚያ ግዙፍ ብረቶች ቢወድቁስ እያለ መስጋት ጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አደባባይ ወጥቶ ቤቶቻችንን አድኑልን አለ። ካህናቱ እዚያ ውስጥ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ፍርሃታቸው ፍርሃቴ ነው። ከዚህ የተማርኩት ሰጪው ከሄደ በኋላ ብሎኑን ማን ያጠብቃል የሚለው ጥያቄ ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት መጠየቅ እንዳለበት ነው። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ በኋላ የተሠራው ጥገና በዚህ በኩል ይሻላል፤ ከአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ በተገኘ ገንዘብ ሲሠራ የከተማው ልጆች ሙያውን እየተማሩ ነው። ሙያተኛው እዚያው ቀረ።

አሁን የልጆቹ ምሳ ላይ ልምጣ፤ አልረሳሁትም። ላሊበላ ላይ ያየሁት አንድ ነገር አለ። እንግዳ በሚመጣበት ዘመን አስጎብኚው፣ ጫማ ጠባቂው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ በቅሎ አከራዩ ሁሉ የሚበላው ከዚያ ዓለት ነበር። ኮቪድና ጦርነቱ ተከታትለው መጥተው እንግዳው ሲቀር ረሃቡም አብሮ ገባ። ስለዚህ «ድንጋይ አይበላም» የሚለው ቃል በሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። የእናንተ ደብር ቱሪስት አይመጣበትም ይሆናል፤ ልክ ነው። ግን ጥገናው ራሱ የቀን ሥራ ነው። እኔ በሠራሁባቸው የኖራና የጭቃ ጥገናዎች ከወጪያችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሰው ደመወዝ ነበር፦ ድንጋይ ጠራቢ፣ ሣር አጫጅ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ ጭቃ የሚረግጡ ወጣቶች። የሲሚንቶና የሴራሚክ ገንዘብ ግን በጭነት መኪና ከከተማ መጥቶ በዚያው መኪና ወደ ከተማ ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ያሰብኩት ይህን ነው። የትምህርት ቤት ምሳ በአንድ ጊዜ ገንዘብ የሚሠራ ነገር አይደለም። 18,600 ዶላሩን ልካችሁ ልጆቹን ማብላት ብትጀምሩ አንድ ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት ድስቱ የማይወጣበት ጠዋት ይመጣል። ያንን ጠዋት አስቢው። ምሳ የሚፈልገው በየወሩ ሳይቋረጥ የሚመጣ ገንዘብ ነው። እናንተ ደግሞ እሱ አላችሁ! 42 ሰው በ20 ዶላር፣ በወር 840 ዶላር። ጣራ ግን አንድ ጊዜ የሚከፈል ዕዳ ነው። ስለዚህ የተጠራቀመው ለጣራው፣ ለቦዩና ለባለሙያ ጥናቱ ይሁን፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሚዋጣው ደግሞ፣ ለሐዘንና ለሕመም ጥቂት አስቀርታችሁ፣ ለልጆቹ ምሳ ይሂድ። ጣራው ተሠርቶ የሚተርፍ ይኖራል ብዬ አምናለሁ፤ እሱን ለሚቀጥሉት ዓመታት ማስጠገኛ አስቀምጡት። ክዳን በየዓመቱ የሚያይለት ይፈልጋል፣ ቦይም በየክረምቱ መጠረግ አለበት።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፊ። አክብረሽ፣ ግን በግልጽ፦ «የነባሩን ማንሻ» የሚል ግምት ላይ አንድ ዶላር አንከፍልም በይ። ምእመኑ በዝቶ አዲስ ሕንፃ የግድ ከሆነ አጸዱ ውስጥ ሌላ ቦታ ይፈለግ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ፣ ሌላ መዋጮ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚያውቀው መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቂ። ሳይነካ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ፎቶ ይነሣ፤ ፎቶውም በእናንተም በደብሩም ዘንድ ይቀመጥ። ክፍያው በየደረጃው ይሁን፦ ለጥናቱ፣ ለጣራው፣ ለቦዩ፣ እያንዳንዱ ሲያልቅ የሰበካ ጉባኤው ማኅተም ባለበት ደረሰኝ። ታክሱንም ተጠንቀቂ፤ አሜሪካ ውስጥ አባሎቻችሁ የሰጡትን ከግብር ሊያስቀንሱ የሚችሉት እዚያው በሕግ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጡ እንጂ በቀጥታ ለደብሩ ሲልኩ አይደለም። ማኅበራችሁ ካልተመዘገበ የሒሳብ አዋቂ አማክሪ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የጣራውን ገንዘብ ተቆጣጣሪ እኒያን ትልቅ ሰው አድርጓቸው። ለግድግዳ መክፈል የከበዳቸው ሰው አንዲት ሳንቲም ያለ ቦታዋ አያስወጡም። የልጆቹን ምሳ ሒሳብ ደግሞ ያቺ ያለቀሰችው እኅታችሁ ትያዝ። ሁለቱ ሪፖርት ለማቅረብ ሲሉ ቡናው ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው አይቀርም።

ጥያቄ

እትዬ፣ የፓሪሱ ኖትር ዳም ሲቃጠል በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ቃል ተገባ። እኔ የማኅበራዊ ኑሮ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ «ለሰው ያልተሰጠ ለሕንፃ እንዴት ተሰጠ?» ብለው ጠየቁኝና መልስ አጣሁ። ነውር አይደለም ወይ?

መምህሩ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

መምህር፣ ተማሪዎችዎ የጠየቁትን ፈረንሳዮቹም በዚያው ሳምንት አደባባይ ላይ ጠይቀውታል። እሳቱ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ከ150 አገሮች 340,000 ያህል ሰዎች ሰጥተው 846 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሰበሰበ፤ ሕንፃው ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ።

ነውር ነው አልልም። ለጣሪያው ወደ 2,000 የሚጠጉ የኦክ ዛፎች ከየደኑ ተመርጠው ተቆርጠዋል፤ ጠራቢው፣ አናጢው፣ መስታወት ሠሪው ሊጠፋ የደረሰ ሙያውን ለወጣት አስተምሯል። ያ ገንዘብ የሰው እጅ ውስጥ ነው የገባው። ቅር ያለኝ በሌላ በኩል ነው። ሕንፃው የፈረንሳይ መንግሥት ንብረት ነው፤ ከእሳቱ በፊት ለዓመታት ጥገና ያስፈልገዋል እየተባለ ገንዘብ ሲለመንለት የሰጠው ጥቂት ሰው ነበር። የሚነድ ጣራ ያየ ሁሉ ግን ኪሱን ፈታ። ትልልቅ ሀብታሞች ሲሰጡ ደግሞ ሕጉ ከግብር ስለሚቀንስላቸው ከፊሉን የከፈለው ሌላው ግብር ከፋይ ነው፤ ከሰጪዎቹ መካከል ባለጸጋዎቹ የፒኖ ቤተሰብ ይህን ቅናሽ አንወስድም ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል።

ለተማሪዎችዎ ሌላም ታሪክ ይንገሯቸው። ከዚያ እሳት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ ሴንት ላንድሪ በሚባል አካባቢ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሦስት የጥቁሮች ባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ሰው እጅ ሆን ተብሎ ተቃጥለው ነበር። ለእነሱ የተዋጣው ጥቂት ነበር። ኖትር ዳም ሲነድ ግን ሰዎች «የእነዚያስ?» ብለው በኢንተርኔት መቀባበል ጀመሩ፤ መዋጮው በቀናት ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ለአንዱ የተከፈተ እጅ ለሌላውም ሲዘረጋ ያየሁበት ጊዜ ነው። የተማሪዎችዎን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ መጠየቁን አያስተዋቸው።

ጥያቄ

እትዬ፣ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ 23 ዓመቴ ነው፣ የግንበኛ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። በሰፈራችን ከነገሥታቱ ዘመን የቀረ የግንብ ፍራሽ አለ። ለቅርስ ስጡ ሲባል ቅር ይለኛል፤ የምሰጠው ገንዘብ የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ

ወንድሜ፣ የአባቴን ሙያ ስለያዝክ ደብዳቤህን ያነበብኩት በተለየ ልብ ነው። አንተ ያለህን እኔ ለዓመታት ፈልጌ በቀን ክፍያ ነበር የማገኘው፤ ድንጋይ የሚያውቅ እጅና በየቀኑ እዚያ የሚያልፍ ዓይን።

ጥምቀተ ባሕሩ ሄደህ የፋሲልን የመዋኛ ግንብ አይተህ ታውቃለህ። የዛፍ ሥር አጥሩን እንደ እባብ ጠምጥሞ ይዞታል፤ ዛሬ ዛፉ ቢነቀል ግንቡም አብሮ ይወርዳል። ያ ሁሉ አንድ ቀን ወፍ የጣለችው የሾላ ፍሬ ነበር። የሰፈርህም ግንብ ላይ አሁን በቅሏል፤ ሂድና ከላይ ያለውን የድንጋይ መገጣጠሚያ ተመልከት።

መጀመሪያ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነግረህ ፈቃድ አግኝ፤ ካለፈቃድ ቅርስ መንካት ለደግ ነገርም ቢሆን አይሆንም። ከዚያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም ላይ፣ ግንቡ ገና እርጥብ ሳለ ሂድ። ቅጠሉ ሁለትና ሦስት የሆነ ችግኝ በሁለት ጣት ሲሳብ ከነሥሩ ይወጣል። የወጣበትን ቀዳዳ በሲሚንቶ እንዳትደፍነው፤ ኖራ ካለህ በኖራ፣ ከሌለህ ክፍቱን ተወው። ግንቡ አናት ላይ የተጠራቀመውን አፈርና ቅጠል በእጅህ እንጂ በዶማ አትጥረግ። ሥሩ ከእርሳስ የወፈረ ካጋጠመህ አትንካው፤ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። ፎቶ አንሣና የት ግድግዳ፣ ከመሬት ስንት ክንድ ላይ እንደሆነ ጽፈህ ለጽሕፈት ቤቱ ስጥ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ለራስህ አስቀር፣ በሚቀጥለው መስከረም የምታወዳድረው በሱ ነው።